ሩሲያኛ ለመማር ወዴት? ከከተማው በፊት ማታውን ምረጡ

የሩሲያኛ ትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሁሉም ላይ ያው ባለ ቀለም ጉልላት አለ። ሁሉም ላይ መጽሐፍ ያቀፈች ተማሪ ትስቃለች። ሁሉም «ልምድ ያላቸው መምህራን» አሏቸው። በዚህ መምረጥ ሎተሪ እንደመቁረጥ ነው።

እኔም መጀመሪያ የመረጥኩት እንደዚያው ነበር፤ በከተማው ስምና በዋጋው። ትምህርቱ አይታማም። መምህሯም ጎበዝ ነበረች። ችግሩ የመጣው ከክፍል በኋላ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ሩሲያኛ እማራለሁ። ከዚያ እስክተኛ ድረስ የማወራው እንግሊዝኛ ነው። ዶርሙ በሙሉ እንደኔው እንግሊዝኛ የሚያወራ ልጅ ነበር። በሦስተኛው ወር የሰዋስው ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። በዚያው ሳምንት ፋርማሲ ገብቼ የራስ ምታት መድኃኒት መጠየቅ አቃተኝና ግንባሬን ይዤ ቆምኩ። ሻጯ ገባትና ሰጠችኝ። እኔ ግን አፈርኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የከተማውን ስም ትቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከማን ጋር ነው የማወራው? ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ከታች ያለው ንጽጽርም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ጥያቄ ላይ ያርፋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሒሳቡ

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ተቋሙ ሩሲያኛን ከከባድ ቋንቋዎች መድቦታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ለሥራ እስኪበቃ 44 ሳምንት፣ ወደ 1,100 የሚጠጋ የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል። አማርኛንም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው፤ ይህን ሳውቅ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል።

አሁን የ4 ሳምንት የሐምሌ ኮርስ እንውሰድ። በሳምንት 20 ሰዓት ቢሆን በድምሩ 80 ሰዓት ነው። ያውም ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰዓት የእጅ ሰዓታችሁ ላይ ያለው አይደለም። እዚያ «የትምህርት ሰዓት» የሚባለው 45 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ተጣምረው 90 ደቂቃ ሲሆኑ «ፓራ» ይባላሉ፤ ጥንድ እንደማለት። ስለዚህ 80ው ሲመነዘር 60 ይሆናል። 36 ሳምንት፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ብትማሩ እንኳ 540 እውነተኛ ሰዓት ነው። ከ1,100ው ግማሹ ማለት ነው።

ቀሪውን ክፍል ውስጥ አታገኙትም። ከሱቅ፣ ከአውቶብስ፣ ከማዕድ ቤት ነው የሚመጣው። ሁለት ፕሮግራሞች በክፍል ሰዓትና በዋጋ እኩል ሆነው በውጤት የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቁት ለዚህ ነው።

ፊደሉን ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱ። 33 ፊደል ነው። ሁለት መቶ ምናምን ፊደል በልጅነቱ ለለየ ሰው ይህ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ፊደል ለመማር የአውሮፕላን ትኬት አይቆረጥም። በነገራችን ላይ፣ ሌላው የውጭ ተማሪ የሚታገልበት አንድ የሩሲያኛ አናባቢ አለ፤ «እኛ» እና «እናንተ» በሚሉት ቃሎቻቸው መጨረሻ ላይ የሚሰማው። የኛ ሳድስ ድምፅ የቅርብ ዘመዱ ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» መለየትም ለኛ አዲስ አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ማንን «አንተ» ማለት እንዳለበት ወር ሙሉ ሲጨነቅ እናንተ በመጀመሪያው ቀን ይገባችኋል።

ምን ዓይነት ፕሮግራም?

የሐምሌው ኮርስ መሠረት ላለው ሰው ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ ምላሱ ለታሰረበት ሰው አንድ ወር ተአምር ሊሠራ ይችላል። ከዜሮ ለሚጀምር ግን ምላሱ ሊፈታ ሲል የመመለሻው ቀን ይደርሳል። ሌላም ነገር አለ። በሐምሌ የአገሩ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። የከተማው ሰውም ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ «ዳቻ» ይወጣል፤ ከከተማ ውጭ ያለች የአትክልት ቤቱ ናት። ዶርሙ ውስጥ የምትቀሩት እናንተና እንደናንተው የውጭ እንግዶች ትሆናላችሁ። የፒተርስበርግ ነጭ ሌሊቶች ግን እውነትም ያምራሉ፤ ያንን አልክድም።

የግል ትምህርት ቤቶች በፈለጋችሁት ሰኞ መጀመር ያስችሏችኋል። ቡድኑ ትንሽ ነው፤ የአንድ ለአንድ ትምህርትም አለ። ሰዓት በሰዓት ሲሰላ ግን ውድ ናቸው። ውሉ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ብዙዎቹ «ቡድኑ ካልሞላ የትምህርቱ ሰዓት ይቀነሳል» የሚል አንቀጽ አላቸው። ለ20 ሰዓት ከፍላችሁ ከመምህሩ ጋር ብቻችሁን 10 ሰዓት ልትማሩ ትችላላችሁ። አንዳንዱ ይህንን ይወደዋል። ዋናው ቀድሞ ማወቅ ነው።

የዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ኮርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ነው። መግቢያ ላይ ደረጃችሁን የሚለይ ፈተና ትወስዳላችሁ። የተማሪ መታወቂያ ታገኛላችሁ። ቤተ መጻሕፍቱና ካፌው የአገሩ ተማሪ ያለበት ነው። አራትና አምስት ወር ደግሞ ጆሮ የሚከፈትበት ጊዜ ነው። እኔ ላይ የሆነው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነበር። አውቶብስ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ ጥርስ ሐኪም ሲያወሩ ነበር። ሳላስበው ፈገግ አልኩ። እየሰማሁ መሆኔን ያወቅሁት ፈገግ ካልኩ በኋላ ነው።

ከዚያ «ፖድፋክ» አለ። ስሙ ያጠረው የዝግጅት ፋኩልቲ ከሚለው ነው። ሩሲያ ውስጥ በሩሲያኛ ዲግሪ መማር ለሚፈልግ ሰው ይህ በር ነው። አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል። መጀመሪያ ቋንቋው ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ የምትገቡበት ሙያ ይጨመራል። ሐኪም ለመሆን የሚሄድ ሰው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በሩሲያኛ፣ መሐንዲስ ለመሆን የሚሄድ ፊዚክስና ሒሳብ። መጨረሻ ላይ የሚጠበቀው ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቶርፍል ይባላል፤ ከአንደኛ እስከ አናት 6 ደረጃ አለው። አምስት ክፍሎች አሉት፦ ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍ፣ ንግግር። ለማለፍ በእያንዳንዱ 66 በመቶ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ እስከ 60 ቢወርድ ይታለፋል። ተማሪ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ማዳመጥ ላይ ነው ብዬ ብናገር የማጋንን አይመስለኝም። ያ ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ነው።

የሩሲያ መንግሥት በየዓመቱ ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል የፖድፋኩን ዓመትም ይሸፍናል። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ነው፤ እስከ 6 ዩኒቨርሲቲ በቅደም ተከተል ትመርጣላችሁ። ነፃ የሚባለው ግን ትምህርቱ ነው። የአውሮፕላን ትኬት፣ የጤና መድንና የየቀኑ ወጪ የናንተ ነው። የሚሰጠው ወርሃዊ ገንዘብ ለኪስ እንጂ ለኑሮ የሚበቃ አይደለም። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ፖድፋክ የምትማሩበት ከተማና ዲግሪ የምትማሩበት ከተማ ሊለያዩ ይችላሉ። ሞስኮ ያለ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ሌላ ቦታ ልታሳልፉት ትችላላችሁ። አትደንግጡ። እንዲያውም ትንሹ ከተማ ለቋንቋው ይሻላል።

ዲግሪ የማትፈልጉ ከሆነስ? ከፍላችሁም ቢሆን ፖድፋክ መግባት ይቻላል፤ ብዙ ሰዓት በመጠነኛ ዋጋ ነው። ግን የፊዚክስ ቃላት መሸምደድ ይከተላችኋል። ሰላም ብሎ ሻይ መጋበዝ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምን ያደርጋል?

የት ታድራላችሁ?

እዚህ ላይ ጊዜ ልወስድ። ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ይህንን ጥያቄ መጨረሻ ላይ፣ ፎርሙን ሲሞላ ነው የሚያስበው።

ሁለተኛ ጊዜ ያረፍኩት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ እናት ዘንድ ነው። እማማ ብዬ ልጥራቸው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም። እንድጠራቸው የፈለጉት በስማቸውና በአባታቸው ስም ነበር፤ የሩሲያ አክብሮት እንደዚያ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጃኬቴን ለብሼ ስወጣ ከማዕድ ቤት «ኩዳ?» አሉኝ፤ ወዴት ነው?

«ያ ሃዡ ቭ ማጋዚን» አልኩ። ሱቅ እሄዳለሁ ማለቴ ነበር።

እማማ ማንኪያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ መጡ። «ካዥዲ ዴን?» አሉኝ። በየቀኑ?

ግራ ገባኝ። አይ፣ አሁን አልኳቸው። «ኣ፣ ኢዱ!» አሉና ማንኪያውን እያወዛወዙ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ኢዱ፣ ኢዱ፣ ኢዱ። ሩሲያኛ እየተመላለሱ መሄድንና አሁን ወደ አንድ ቦታ መሄድን በሁለት የተለያዩ ግሶች ነው የሚለየው። በእግርና በመኪና መሄድም የተለያየ ነው። በአማርኛ «ሱቅ እሄዳለሁ» ብለን ሁሉንም እንገላገላለን። ክፍል ውስጥ ይህንን በሰንጠረዥ ተምሬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም ተፈትኜበታለሁ። የገባኝ ግን በማንኪያው ነው።

ስለዚህ ለጀማሪም ለመካከለኛም ሰው ቤት ማደርን አስቀድማለሁ። ችግር የለውም አልልም። አምሽቶ መግባት ያስኮርፋል። እንግዳ ማምጣት አይቻልም። ምግቡን ባትወዱትም ትበላላችሁ። ከመስማማታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ የውጭ ተማሪ አለ? አንዳንዱ ቤት ሦስት አራት ተማሪ አስገብቶ ትንሽ ሆስቴል ሆኗል። ሁለተኛ፣ የቤቱ ሰው እንግሊዝኛ ይችላል? የሚችልና መለማመድ የሚፈልግ ከሆነ አስተማሪው እናንተ ትሆናላችሁ።

ዶርም ርካሹ ነው። በሩሲያኛ ረጅም ስም አለው፤ ተማሪዎቹ ግን «ኦብሻጋ» ነው የሚሉት። ማዕድ ቤቱ በየፎቁ የጋራ ነው። ሌሊት በሩ ይዘጋል። በሩ ላይ «ቫህትዮርሻ» የምትባል ጠባቂ ትቀመጣለች፤ መታወቂያችሁን ሃምሳ ጊዜ አይታ ሃምሳ አንደኛም ትጠይቃችኋለች። እሷን ካግባባችሁ ነፃ የንግግር ትምህርት አገኛችሁ። የዶርም ጉዳይ የሚወሰነው ግን በክፍል ጓደኛ ነው። እኔ እንደሆንኩት እንግሊዝኛ ከሚችሉ ልጆች ጋር ከሆናችሁ አበቃ። ከቻይና ወይም ከቬትናም የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማይቀናው ልጅ ከደረሳችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ። የሁለታችሁም መግባቢያ ሩሲያኛ ብቻ ይሆናል። ትኮላተፋላችሁ፤ ግን በሩሲያኛ ነው የምትኮላተፉት።

አፓርታማ መከራየት? ለጀማሪ አልመክርም። ውድ የሆነ ዝምታ ነው።

የትኛው አገር፣ የትኛው ከተማ?

መጀመሪያ አንድ ተረት ከመንገድ ላይ እናንሳ። «ንጹህ ሩሲያኛ የሚነገረው እዚህ ከተማ ነው» የሚባለውን። ሩሲያኛ ከካሊኒንግራድ እስከ ቭላዲቮስቶክ ባለው ስፋት ስትለኩት የሚገርም ያህል አንድ ዓይነት ነው። ልዩነት አለ፤ ግን ለጨዋታ የሚሆን ነው። የሕንጻ መግቢያ በር ሞስኮ «ፖድዬዝድ» ሲባል ፒተርስበርግ «ፓራድናያ» ነው። ሞስኮ «ሻውርማ» የሚለውን ፒተርስበርግ «ሻቬርማ» ይለዋል። በዚህ ይከራከራሉ፤ ደስ ይላቸዋል። ለናንተ ግን ለንጽሕና ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሞስኮ ጥሩ መምህር ያለበት ከተማ ነው። በ1966 የተመሠረተው የፑሽኪን ኢንስቲትዩት ዋና ሥራው ሩሲያኛን ለውጭ ሰው ማስተማር ነው። በ1960 የተከፈተውና የፓትሪስ ሉሙምባን ስም በ2023 መልሶ የያዘው የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲም ከመላው ዓለም ተማሪ ይቀበላል። ድክመታቸው ከጥንካሬያቸው ይመነጫል። በዙሪያችሁ ያለው ሁሉ የውጭ ሰው ነው፤ የአገሩን ልጅ ለማግኘት መውጣት አለባችሁ። ኑሮውም ውድ ነው። ፒተርስበርግ በ1724 የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙዚየምና ቦይ ያላት ውብ ከተማ ናት። ጎብኚ ስለለመደች ግን አስተናጋጁ ፊታችሁን አይቶ ወደ እንግሊዝኛ ሊቀይር ይችላል።

መካከለኛ ከተሞች የኔ ምርጫ ናቸው። ካዛን በ1804 የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ አላት። ሜትሮው ውስጥ ማስታወቂያው በሩሲያኛ፣ በታታርኛና በእንግሊዝኛ ይነገራል። ግን ተጠንቀቁ፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሕክምና ትምህርት ባለበት ከተማ ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚኖር ትልቅ የተማሪ ማኅበረሰብ አለ። እዚያ ውስጥ ተንሸራቶ መግባት ቀላል ነው። ቶምስክ ሳይቤሪያ ውስጥ ያለች የተማሪ ከተማ ናት። የጥር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 17 ገደማ ነው። የሚያስፈራው ቁጥሩ ነው እንጂ ቤቱ ይሞቃል። እንግሊዝኛ ብዙም አይሰማም። ለቋንቋ ብቻ ከሆነ ቶምስክን እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ የምለው ጦርነቱን ረስቼ አይደለም። ከየካቲት 2022 ወዲህ ብዙ የምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ከሩሲያ አውጥተዋል። ለዩክሬን ድንበር የሚቀርቡ ከተሞች፣ ቮሮኔዥን ጨምሮ፣ በድሮን ጥቃት ዜና ውስጥ ይነሳሉ። ሩቅ ናት የምትባለው ካዛንም በዲሴምበር 2024 ተመትታለች። ኤርፖርት ድንገት ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔት ይቋረጣል፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ በዋትስአፕና በቴሌግራም መደወልም ተገድቧል። ቤተሰብ «ድምፅህ ጠፋ» ብሎ እንዳይሸበር ይህንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሩሲያ አልሄድም ለሚል ሰው በር አልተዘጋም። አልማቲ፣ ካዛኪስታን፣ ከሩሲያ ለወጡት ፕሮግራሞች ዋና መጠለያ ሆናለች። ካፌውም ገበያውም ሩሲያኛ ይናገራል፤ ካርዳችሁ ይሠራል፤ ከከተማው ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ። ካዛክኛም እየተጠናከረ ነው፤ ሁለቱን መስማት ትለምዳላችሁ። ቢሽኬክ፣ ኪርጊስታን፣ ከአልማቲ ይረክሳል። ለሰው ቤት ማደርያና ለአንድ ለአንድ ትምህርት ገንዘባችሁ ረጅም ይሄዳል። ከከተማ ወጣ ስትሉ ግን ቋንቋው ኪርጊዝኛ ነው። ሚንስክ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የምትሰሙት ሩሲያኛ ነው፤ ቤላሩስ በ1995 ሕዝበ ውሳኔ ሩሲያኛን ሁለተኛ የመንግሥት ቋንቋ አድርጋለች። የበረራ አማራጩ ግን ጠባብ ነው።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ መሆን ለሚፈልግ ሁለት ትንንሽ ከተሞች አሉ። በላትቪያ ዳውጋቭፒልስ ከ10 ሰው 8ቱ ቤቱ ውስጥ ሩሲያኛ ይናገራል። የኢስቶኒያዋ ናርቫ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች፤ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አላት። ናርቫ ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ ቆማችሁ ከወንዙ ማዶ የምታዩት ምሽግ ሩሲያ ነው። ቪዛው የሸንገን ነው፤ ወጪውም በዩሮ። ከተሞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ይሰለቻሉ ይባላል። የሰለቸው ተማሪ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ያወራል።

ትብሊሲና ዬሬቫንን አልመክርም። ሩሲያኛ የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ኑሮውም ደስ ይላል። የመንገዱ ቋንቋ ግን ጆርጂያኛና አርሜንያኛ ነው። ትብሊሲ ውስጥ ወጣቱ ከሩሲያኛ ይልቅ እንግሊዝኛ ቢያወራ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ፖለቲካ ነው። በማትወደድ ቋንቋ ሰው ማናገር ለተማሪ ይከብዳል።

ወረቀትና ገንዘብ

ሩሲያ ለመማር የምትገቡት ትምህርት ቤቱ በሚያስወጣላችሁ ግብዣ ነው። ግብዣው ብቻውን ከወር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከሦስት ወር በላይ ለሚቆይ ሰው የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ይጠየቃል። የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ለጉብኝት ነው፤ «በሱ ግባና እንማራለን» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከገባችሁ በኋላ አድራሻችሁ መመዝገብ አለበት። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የጣት አሻራና የጤና ምርመራም ይጠበቅበታል። ከ2025 ጀምሮ ሲም ካርድ ለመግዛት እንኳ የውጭ ዜጋ የባዮሜትሪክ ምዝገባ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እጃችሁን ይዞ ቢሮ ለቢሮ የሚያዞር ሰው መኖሩን ጠይቁ። ከመጽሐፉ ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

ከሩሲያ ውጭ የወጣ የቪዛና የማስተርካርድ የባንክ ካርድ ከማርች 2022 ጀምሮ እዚያ አይሠራም። የመጀመሪያ ወራት ወጪያችሁን በካሽ ይዛችሁ ትገባላችሁ። የትምህርት ክፍያውን በምን መንገድ እንደምትልኩ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይንገራችሁ። «ቪዛ ከተከለከልኩ ገንዘቤ ይመለሳል?» የሚለውንም አብራችሁ ጠይቁ።

ስለ ደላላ ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዱ «ቋንቋ እየተማራችሁ ትሠራላችሁ፣ ትኬቱም ነፃ ነው» ይላል። በ2024 አሶሽየትድ ፕሬስ ባወጣው ምርመራ፣ ካዛን ባለችበት የሩሲያ ግዛት በታታርስታን፣ አላቡጋ ስታርት በሚባል ፕሮግራም የተመለመሉ አፍሪካውያን ወጣት ሴቶች የጦር ድሮን ሲገጣጥሙ ተገኝተዋል። የውጭ ዜጎች ከሩሲያ ጦር ጋር ውል ፈርመው ግንባር መሄዳቸውም በሰፊው ተዘግቧል። ስለዚህ የምትፈርሙት የትምህርት ውል ነው ወይስ የሥራ ውል? ማንበብ በማትችሉት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጭራሽ አትፈርሙ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራም ከቀራችሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፉ። የዘንድሮውን የትምህርት ሰሌዳ ላኩልኝ በሉ፤ በሩሲያኛ «ራስፒሳኒዬ» ይባላል። ሰሌዳው ላይ «ፎኔቲካ» የሚል ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው፤ አነጋገር ለብቻው ይሰጣል ማለት ነው። በአንድ ክፍል ቢበዛ ስንት ተማሪ እንደሚኖር ጠይቁ። ከ10 በላይ ከሆነ በ90 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ አፋችሁን እንደምትከፍቱ አስሉት። መምህራኑ ሩሲያኛን ለውጭ ሰው ማስተማር የተማሩ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በጣፈጠ እንግሊዝኛ መልሶ ሰሌዳውን ያልላከ ትምህርት ቤት አለ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ መልሶ ሰሌዳውን፣ የዶርሙን ፎቶና የመምህሯን ስም የላከም አለ። እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው።

ከዚያ የድሮ ተማሪ ፈልጉ። «ፕሮግራሙ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «አሪፍ ነበር» ይላችኋል። ስንት ወር እንደቆየ ጠይቁትና የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በሩሲያኛ እንዲልክላችሁ ለምኑት። ቃሉ ባይገባችሁም ግድ የለም። ስንት ቦታ ላይ እንደሚቆም ቁጠሩ።